በ«እ» የሚጀምሩ ሰባት አበቦች

ዛሬ ጠዋት ተቀመጥኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ሰው በሰባ ሦስት ዓመቱ ቢቀመጥ ምን ጥፋት አለው ትሉ ይሆናል። በቤቴ ቢሆን የለውም፤ በቤቴማ ዋና ሥራዬ መቀመጥ ነው። ዛሬ ግን ሽማግሌ ተልኬ ነበር። ልጅ ለመጠየቅ የተላከ ሽማግሌ ደግሞ ቃሉን ሳይናገር አይቀመጥም። «አረፍ በሉ» ሲሉት «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አናርፍም» ይላል። ጠላ ሲያቀርቡለት «ይቆየን» ይላል። ጉልበቱ ቢንቀጠቀጥም እንደ ዋርካ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ወግ ለስንቱ ጎልማሳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በርጩማ አይቶ የተቀመጠውም ያው አስተማሪው ነው።

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ የተመስገን ነው። ተመስገን ነርስ ነው። አባቱን አያውቅም፤ እናቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ሽማግሌ ሆኖ የሚቆምለት ዘመድ ከእኔ በቀር የለውም። ይህን የሰሙ ጎረቤቶች ሁሉ ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል፤ እስከ ዛሬ ለእናቱ አዝነው ይመስለኝ ነበር።

የሚወዳት ልጅ እማዋይሽ ትባላለች። አራት ዓመት ሙሉ ተዋደዋል። በሚመጣው ጥር ካልተጋቡ ጾሙ ይገባል፤ ከጾሙ በኋላ ደግሞ እሷ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። ስለዚህ ነገሩ ዛሬ ማለቅ ነበረበት። ችግሩ አባቷ ናቸው። መምህር ይርሳው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሳይንስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቁስቋም ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከሌላ ወገን የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለት ጊዜ መልሰዋል፤ የመጀመሪያዎቹን «አርፍዳችኋል» ብለው፣ ሁለተኛዎቹን «ማልዳችኋል» ብለው።

ሦስት ሆነን ልንሄድ ተቀጣጥረን ነበር። አንዱ ወገቤን ያዘኝ ብሎ ቀረ። ብልህ ወገብ ነው ያለው። እኔና የልጅነት ጓደኛዬ መሪጌታ ላቀው ሄድን። መሪጌታ ሕግ የሚያከብር፣ ሲያስነጥስ እንኳ ግራና ቀኝ አይቶ የሚያስነጥስ ሰው ነው። ባጃጅ እንያዝ ሲለኝ «ሽማግሌ በእግሩ ሲመጣ ነው ክብሩ» አልኩት። ዳገቱን አጋመስን። ክብሬ እዚያው መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ አለቀ፤ ደጃፋቸው ላይ የደረሰው ጉልበቴና ትንፋሼ ብቻ ነበር።

የእማዋይሽ እናት እትዬ የሻረግ በሩን ከፈቱልን። «ይግቡ አያ፣ አረፍ ይበሉ» አሉኝ። አጠገቤ የበግ አጎዛ የተነጠፈበት በርጩማ ነበር። እውነቴን ነው፣ እኔ አልተቀመጥኩም፤ ጉልበቴ ነው ሳያማክረኝ የተቀመጠው። ከተቀመጥኩ በኋላ ጠላ በጣሳ መጣ። አንዴ ከተቀመጡ ወዲያ ምን ቀረ ብዬ ጨለጥኩት። መሪጌታ የጽጌን ጾም ስለሚጾም አልቀመሰም፤ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ፣ ቅዳሴ መሃል ያዛጋ ዲያቆንን እንደሚያይ ሰው አየኝ። ያን ጊዜ ነው የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ። ብድግ ልል ስል መምህር ይርሳው አፈር የነካው እጃቸውን እያራገፉ ከጓሮ ገቡ።

«ደህና አደራችሁ። እንግዳ ናችሁ ወይስ ሽማግሌ?»

«ሽማግሌ» አለ መሪጌታ።

«እርስዎስ መሪጌታ ቆመዋል። እኝህ ግን ተቀምጠው ጠላዬን ጨርሰዋል። የተቀመጠ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል።»

እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው ይድናል። እኔ ግን በጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ዶማ የምጠይቅ ሰው ነኝ። በመስኮቱ በኩል ጓሮው ይታየኛል፤ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ አበባ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል።

«የተቀመጥኩትማ አበባዎን አይቼ ደንግጬ ነው» አልኳቸው። «እኔ እኮ ዕድሜዬን በአበባ መሃል የጨረስኩ ሰው ነኝ።»

ውሸት አይደለም። የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ነበርኩ። አበባ የሚተክሉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ የማውቀው አበባ የሚሰርቁትን ነው። ጽጌረዳ ሊሰርቅ የመጣን ሰው ከመቶ እርምጃ እለየዋለሁ፤ ፊቱን ወደ ሰማይ ያቀናል፣ ያፏጫል፣ እጁ ግን ለብቻው ይሠራል። የአበባውን ስም ጠይቁኝና ቀዩ ቀይ ነው፣ ነጩ ነጭ ነው፣ ከዚያ በላይ እውቀት የለኝም።

መምህር ዓይናቸው በራ። «አበባ ያውቃሉ ማለት ነው?»

«እኔ የማላውቀው አበባ ገና አልፈነዳም።»

መሪጌታ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲያው ሸጋ ነው» አሉ መምህር። «ለመቀመጥዎ ካሳ ይክፈሉ። የልጄ ስም በ«እ» ይጀምራል። ስማቸው በ«እ» የሚጀምር ሰባት አበቦች ይዘው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይምጡ። ያን ጊዜ እንዳልተቀመጡ እቆጥርልዎታለሁ፤ ቃላችሁንም እሰማለሁ። ካልሆነ ግን በዓመቱ እንገናኝ።»

«ምነው አንተ ሰው» አሉ እትዬ የሻረግ። «ሽማግሌ ናቸው ወይስ ተማሪህ?»

«ተማሪዬ ቢሆኑማ ሲገቡ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።»

ከአጥሩ ወጥተን ብዙ ራቅን። መሪጌታ ቆመ።

«አንተ።»

«አቤት።»

«በ«እ» የሚጀምር ስንት አበባ ታውቃለህ?»

ብዙ አሰብኩ። «እንቁጣጣሽ» አልኩት።

«እሱ በዓል ነው።»

«አበባ ይያዝበታል እኮ።»

«እኔም መቋሚያ እይዛለሁ፤ መቋሚያ ነኝ?»

ይህን ብሎ ግን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያወርደው ጀመር። እንዶድ፣ እሬት፣ እምቧይ፣ እንስላል፣ እንሶስላ፣ እንጆሪ፣ እንግጫ። ቆጠርኩት፤ ሰባት ሞላ። አቅፌ ልስመው ስል እጁን አነሳ።

«አትቸኩል። መድኃኒት ሲቀመም እያየሁ ስላደግሁ ሥራቸውንና ቅጠላቸውን አውቃለሁ። አበባቸውን ግን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም።»

እንግዲህ ተመልከቱን። አንዱ ከአፈር በታች ያለውን የሚያውቅ፣ ሌላው ከአጥር ውጭ ያለውን የሚያውቅ ሁለት ሽማግሌዎች። የጠፋን መሃል ላይ ያለው ብቻ ነው። ደግነቱ ወሩ ጥቅምት ነው፤ ወርኃ ጽጌ፤ ድንጋዩ እንኳ ሊያብብ ምንም አልቀረው።

ወደ ቀሃ ወንዝ መውረድ እንደጀመርን ስልኬ ጮኸ። ተመስገን ነው።

«አያ፣ እንዴት ሆነ?»

እውነቱን ብነግረው ልቡ ይሰበራል። ብዋሽ ሽምግልናዬ ይረክሳል። መሃሉን መረጥኩ።

«ሸጋ ነው ልጄ። አሁን አበባ እየለቀምን ነው።»

«አበባ? ተፈቀደ ማለት ነው?»

«ነገሩ አበባ እስከ መልቀም ደርሷል።»

ልጁ ምን እንደሰማ እግዜር ይወቅ። ስልኩን ሳይዘጋው ሰዎች «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉት፣ አንዷ እልል ስትል ሰማሁ። መሪጌታም ሰማ። «አሁን እንግዲህ መመለሻ የለንም» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አበባ ስለቅም የነበርኩ መስሎኝ የእህቴን ልጅ ስም ነበር ከመሬት የማነሳው።

እንዶዱን ከአንድ አጥር ላይ አገኘነው፤ ነጫጭ ፍንጣሪ የሚመስል አበባ ነው ያለው። እምቧዩ መንገድ ዳር ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ቁጭ ብሏል፤ እንደ እኔ የተቀመጠ ስለሆነ ወድጄው ዘልዬ ብይዘው በእሾሁ አውራ ጣቴን ወጋኝ። እሬቱ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ላይ ነበር። እኔ ልወጣ ስል መሪጌታ «በርጩማ ላይ የወደቅኸው ይበቃሃል» ብሎ በመቋሚያው ጎትቶ አወረደልን። እንግጫውን ከወንዙ ዳር ካለው ጨፌ ነቀልን፤ ሁለት ሽበታሞች በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደሚወጡ ልጃገረዶች አጎንብሰን። በዚያ ያለፉ ሴቶች ሰላም ሊሉን አፋቸውን ከፍተው፣ ሳቁ ቀደማቸው። እንጆሪው አበባውን ሰጥቶ ከጋቢዬ አንድ ክንድ የሚሆን ወሰደ።

እንስላሉ ግን በሰው ጓሮ ነበር። ቢጫ አበባው ከአጥሩ በላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። መሪጌታ «ባለቤቱን እናስፈቅድ» አለ። እኔ ግን ፀሐይዋን አየሁና ቸኮልኩ። ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። ፊቴን ወደ ሰማይ አቀናሁ። ማፏጨት ጀመርኩ። እጄ ለብቻው መሥራት ሲጀምር ከአጥሩ ወዲያ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«አያ፣ ሰማዩ ላይ ምን አገኙ?»

ይህን ሁሉ ዘመን የያዝኳቸው ሌቦች ሁሉ ደም በዚያች ቅጽበት ተመለሰ። ሴትዮዋ እታለም ትባላለች፤ በግ በገመድ ይዛ ልትወጣ ስትል ነው የደረሰችብኝ። መሪጌታ ነገሩን ከበርጩማው ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እታለም ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች፤ እንስላሉንም በገዛ እጇ ቆርጣ ሰጠችን።

«ስድስት ሞላ» አልኳት። «የቀረን እንሶስላ ብቻ ነው። ከወንዙ ዳር አጣነው።»

«እንሶስላ?» አለች። «አበባዋ እኮ ከክረምቱ ጋር ናት አያ፣ አልፋለች። ሥሯን ከሆነ ገበያ ያገኛሉ። አበባዋን ከፈለጉ ግን በሚመጣው ክረምት ይመለሱ።»

ተያየን። ወደ ወንዙ ተመልሰን ጥላ ጥላውን፣ እርጥብ እርጥቡን ዞርን። እንሶስላ የለም። ፀሐይዋ ዘንበል አለች። ስድስቱን ይዘን ሄደን ምሕረት ከመለመን በቀር ሌላ መንገድ አልነበረንም። አስፋልቱ ዳር ስንወጣ እታለም በጓን ይዛ ባጃጅ ስትጠብቅ አገኘናት። ቁስቋም ላይ ከመምህር ይርሳው ቤት አለፍ ብሎ ልጇ አራስ ናት፤ በጉ ለአራሷ ነው።

«አብረን እንሂዳ» አለች።

ወጣን። መሪጌታ በአንድ በኩል፣ እታለም መሃል፣ እኔ በሌላው ጥግ፣ በጉ ከእግራችን ሥር። አበባዎቹን በጉልበቴ ላይ ይዣለሁ። መንገዱን ሙሉ አወራሁ። ሰው ሲፈራ ወይ ይጸልያል ወይ ያወራል፤ ጸሎቱን ለመሪጌታ ትቼ ስለ አበባ አወራሁ። ከጠዋት ወዲህ የተማርኳትን ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያቴ እንደወረስኩ አድርጌ ለእታለም ተረኩላት።

«አያ» አለችኝ መሃል ላይ።

«ቆይ ልጨርስልሽ፤ እንጆሪ ማለት…»

«እንጆሪውን እኮ በጉ ጨርሶታል።»

ወደ ታች አየሁ። በጉ ወደ ላይ አየኝ። ከአፉ ዳር የእንስላል ቢጫ አበባ ተንጠልጥሏል። እንጆሪው የለም። እንግጫው የለም። እንስላሉም ያው በመሄድ ላይ ነው። ወደ መሪጌታ ዞርኩ።

«አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ ስታወራ መሃል ማን ይገባል?»

እታለም ደግሞ በሌላ ነገር ደነገጠች። «እንዶዱን በልቶ ከሆነ ይሞትብኛል» ብላ ከእጄ ቀምታ ቆጠረች። እንዶዱ አለ። እምቧዩ አለ። እሬቱ አለ። ሦስቱ አልተነኩም። «ተመስገን» አለች፤ የአምላክን ምስጋና ማለቷ ነው፤ እኔ ግን የልጁ ስም ሲጠራ ሦስቱን ከእጇ መልሼ ወሰድኩ። ለሙሽራ አባት የምወስደው እሾህ፣ የልብስ ማጠቢያና መራራ ነው። በግ እንኳ የናቀው።

ስንደርስ መምህር ይርሳው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ፀሐይዋን እያዩ ነበር። ገና አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። እትዬ የሻረግ ከኋላቸው ናቸው። የቤቱ መጋረጃ ደግሞ ነፋስ ሳይኖር ይንቀሳቀሳል፤ እማዋይሽ ከዚያ ወዲያ እንዳለች ገባኝ። እትዬ የሻረግ ያንኑ በርጩማ አመጡ። እንደ እባብ ሸሸሁት።

«ሰባት ብዬ ነበር» አሉ መምህር እጄን እያዩ።

«አንዷ ወቅቷ አልፏል። ሦስቱን በግ በላቸው።»

«ስንቱን ዓመት ሳስተምር ደብተሬን ጥጃ በላው ያላለኝ ተማሪ የለም። አንዱም ግን ምስክር አልነበረውም።»

«እኔ አለኝ» አልኩና ወደ አጥሩ አመለከትኩ። እታለም መንገዷን ትታ ነገሩን ልታይ ቆማለች። በጉ ከጎኗ ነው፤ የእንስላሉ ቢጫ አሁንም ጢሙ ላይ አለ። መምህር ሄደው ጎንበስ ብለው መረመሩት። «እንስላል ነው» አሉ ለራሳቸው። ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ግን አልፈታም። «የቀሩትን ያስረዱኝ» አሉ።

መሪጌታ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊያድነኝ ነው። እኔ ግን ጥፋቱ የእኔ ነውና ቀደምኩት።

«መምህር፣ ሦስት አበባ ይዤ ቆሜያለሁ። መቆሜን ልብ ይበሉልኝ።»

«ይቀጥሉ።»

«ይህ እምቧይ ነው። ፍሬው ክብ ስለሆነ ካብ አይሆንም፤ አንዱ ሲንከባለል ሁሉም ይናዳል። ጎጆ በእምቧይ ካብ አይቆምም። የእኛ ልጅ አባት የለውም፣ እናቱንም ቀብሯል፣ ያለው አጎት ደግሞ የሚያዩት ነው። እሱ ግን እምቧይ አይደለም፤ ድንጋይ ነው፤ ባስቀመጡት ይቆማል። ለልጅዎ አራት ዓመት ቆሟል። እኔ ለእሱ ሩብ ሰዓት መቆም አቃተኝ።»

መጋረጃው ቀጥ አለ።

«ይህ እንዶድ ነው። የሠርግ ልብስ ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ ከማግስቱ ጀምሮ ይቆሽሻል። ባልና ሚስት በየሳምንቱ ቂማቸውን አጥበው ካላሰጡት አምስት ዓመት ሳይሞላው አልጋው ሥር ክምር ይሆናል። የእኔን ሟች ሚስት ቢጠይቋት ትነግርዎት ነበር፤ አጣቢዋ እሷ ነበረች።»

«እሬቱስ?» አሉ መምህር። «ለሙሽራ እሬት ይዞ የመጣ ሽማግሌ ገና ዛሬ አየሁ።»

«እሬቱ ለሙሽሮቹ አይደለም። እናት ልጇን ጡት ስታስጥል እሬት ትቀባ የለ? ይህም ለእኛ ለአማቾች ነው። በልጆቹ ኑሮ ገብተን እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አታድርጉ ማለት ባማረን ቁጥር ምላሳችንን የምንቀባው። ለእርስዎ ትልቁን ዘለላ አምጥቻለሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ የሻረግ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «እንዲያው እግዜር ነው የላከዎት፣ ይቀቡልኝ» አሉ። ከዚያ መጋረጃው ሳቀ። ከዚያ አጥሩ ላይ ያለችው እታለም። መምህር ይርሳው ከንፈራቸውን ነክሰው ብዙ ታገሉ፤ ትከሻቸው ግን ከዳቸው።

«መሪጌታ» አሉ በመጨረሻ። «ቃላችሁን ልስማ፤ እኝህ ሰውዬ ከዚህ በላይ ከቆሙ ዕዳ ይሆኑብኛል።»

መሪጌታ በዚያ በማኅሌት በተሞረደ ድምፁ «ልጅዎን ለልጃችን» አለ። መምህርም ከእትዬ የሻረግ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተው «ልጃችን ልጃችሁ ናት» አሉ። «ለጥር ይሁን።» እልልታው ሲወጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። «አሁን ይቀመጡ» ሲሉኝ እንኳ በርጩማውን በእግሬ ነካ ነካ አድርጌ፣ መሪጌታን አይቼ፣ እሱ ከተቀመጠ በኋላ ነው የተቀመጥኩት።

ተመስገንን ደወልኩለት። «ተፈቀደ ልጄ» አልኩት።

«አያ፣ ጠዋት ነግረውኝ የለ?» አለኝ። «ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ በልተንበታል።»

ምሥራቼ ሳላውቀው በምሳ ሰዓት አልቆ ኖሯል።

ስንነሳ እማዋይሽ እስከ አጥሩ ሸኘችን። እጄን ጨበጠችና አልለቀቀችም።

«አያ፣ ሰባተኛዋስ?»

«እንሶስላዋ? ወቅቷ አለፈ እኮ ልጄ። ለሠርግሽ እጅሽን የምትሞቂው ሥሯን ነው፤ እሱን ገበያ አናጣውም።»

«ሥሯንማ እናቴ ታመጣለች። እኔ የምፈልገው አበባዋን ነው፤ ከእርስዎ እጅ። ሠርጉ ቢያልፍም ይለፍ። ክረምት ላይ ከትምህርቴ ለዕረፍት ስመጣ ቆመው ያመጡልኛል።»

«እሺ» አልኳት።

እነሆ ዳገቱን በባጃጅ ወርጄ፣ በገዛ ቤቴ፣ ማንም ሳይከለክለኝ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። አውራ ጣቴ ላይ የእምቧዩ እሾህ አሁንም አለ፤ መሪጌታ ነገ በመርፌ ሊያወጣልኝ ቃል ገብቷል፣ ዝም ካልኩለት። ከስድስቱ አበቦች ሦስቱ በበጉ ሆድ፣ ሦስቱ በመምህር ይርሳው የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። እኔ ላይ የቀረችው ሰባተኛዋ ናት፤ አንዲት እንሶስላ፣ ለእማዋይሽ፣ በሚመጣው ክረምት። እስከዚያ እንግዲህ የትም መሄድ አልችልም፤ ሞትም ቢመጣ ቃሌን ሳልፈጽም አልቀመጥም እለዋለሁ።